ሳልቫዶር በካርኒቫል ሰሞን፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልስ

ብራዚል ውስጥ፣ ባሂያ ግዛት፣ ሳልቫዶር ከተማ ካርኒቫል እንዳሳለፍኩ ከተናገርኩ ወዲህ ጥያቄው አላቋረጠም። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ እዚህ አንድ ላይ ልመልስ ብያለሁ። ጥያቄዎቹን እንዳመጣጣቸው ነው ያስቀመጥኳቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ካርኒቫል ሲባል እኛ የምናውቀው ሪዮን ነው። ለምን ሳልቫዶር?

መልስ፦ ሪዮ ትልቅ ነው፣ ማንም አይክደውም። ግን የሪዮ ዋናው ትርዒት ያለው በ1984 በተሠራው ሳምቦድሮም ውስጥ ነው። የሳምባ ቡድኖቹ ተራ በተራ ያልፋሉ፣ ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ፣ አንተ ቲኬትህን ቆርጠህ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ሳልቫዶር ላይ ዋናው ነገር አስፋልቱ ላይ፣ በእግርህ፣ ከሕዝቡ መሀል ነው።

ይህ የተጀመረው በ1950 ነው። ዶዶና ኦስማር የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች አንዲት የ1929 ፎርድ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭነው፣ ራሳቸው የሠሩትን የኤሌክትሪክ ክር መሣሪያ እየተጫወቱ መሀል ከተማ ገቡ። ሕዝቡ ከኋላ ከኋላ ተከተላቸው። በዓመቱ ሦስተኛ ተጫዋች ተጨመረና ትሪዮ ኤሌትሪኮ ተባለ። ዛሬ ትሪዮ ማለት ቤት የሚያህል ከባድ መኪና ነው። ጣሪያው ላይ ባንድ ይጫወታል፣ ጎኖቹ ከላይ እስከ ታች ስፒከር ናቸው፣ በእግር ከሚሄድ ሰው ባነሰ ፍጥነት ነው የሚጓዘው፣ ገና ሳይደርስብህ ደረትህ ውስጥ ይሰማሃል።

ሁለቱ ትልልቅ መንገዶች በእነዚያ ሰዎች ስም ተሰይመዋል። ከባሃ እስከ ኦንዲና በባሕሩ ዳር ያለው ዶዶ ነው። መሀል ከተማ፣ ካምፖ ግራንጂ ያለው ኦስማር ነው። ሦስተኛው ባታቲኛ ይባላል፣ አሮጌው ከተማ ፔሎሪኞ ውስጥ ነው። ከሐሙስ ማታ እስከ ማክሰኞ ሌሊት፣ ስድስት ቀን ይቆያል። ለዚያውም ረቡዕ ጠዋት እንኳን እምቢ ብለው መኪና ተከትለው የሚጨፍሩ አሉ።

ጥያቄ፦ ፎቶዎችህ ላይ ሰው በገመድ ታጥሮ ይታያል። ገመዱ ምንድነው?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል፣ እህቴ። ሳልቫዶር ሄዶ ገመዱን ሳያይ የተመለሰ ሰው ካርኒቫሉን አላየም ባይ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎኮ የሚባሉ ቡድኖች አሉ። አንድ ብሎኮ ትሪዮ ያወጣል፣ ዘፋኝ ይይዛል፣ ከዚያ አባዳ የሚባል ቲሸርት ይሸጣል። አባዳ የገዛ ሰው ከመኪናው ዙሪያ ገመዱ ውስጥ ገብቶ ይጨፍራል። ያልገዛ ከገመዱ ውጭ ነው፤ ፒፖካ ይሉታል፣ በነጻ ነው፣ ብዛቱም የትየለሌ ነው። ከሁለቱም በላይ ደግሞ ካማሮቺ አለ። ባሕሩ ዳር የተተከለ ባለ ፎቅ ሰገነት ነው፣ ምግቡም መጠጡም በቲኬቱ ውስጥ የተካተተ፣ እዚያ ሆነህ ጎዳናውን ቁልቁል ታያለህ።

አሁን ገመዱን ማን እንደሚይዝ እዪ። ኮርዴይሮ ይባላሉ። ለአንድ ትሪዮ ብዙ መቶ ሰው ይሰለፋል። በአብዛኛው ጥቁር ናቸው፣ ከዳር ሰፈር የመጡ፣ ብዙ ሴቶችም አሉባቸው። ጓንት አድርገው፣ ጆሯቸውን ደፍነው፣ ለሰዓታት ያንን ገመድ ይዘው ከውጭ የሚገፋውን ሕዝብ በጀርባቸው ይመልሳሉ። ለዚህ የሚከፈላቸው ትንሽ የቀን አበል፣ ውኃና ቁራሽ ምግብ ነው። ገመዱ ውስጥ ደግሞ የሰዉ መልክ ፈካ ይላል። ከአሥር ሰው ስምንቱ ጥቁር ወይም ቅይጥ በሆነበት ከተማ ማለት ነው!

አንዱ ሌሊት ባሃ ላይ አጠገቤ አንዲት ገመድ ያዥ ነበረች። በእኔ እናት ዕድሜ ትሆናለች። ገመዱን በአንድ ክንዷ ጠምጥማ፣ በሌላው እጇ ውኃዋን ይዛ፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ ትዘፍን ነበር። ሁለቱንም ነገር አብሬ ነው የማስበው፤ ሥራው መበዝበዝ እንደሆነ፣ ሴትዮዋም በበዓሏ እንደምትደሰት። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

ይህን ትችት እኔ አይደለሁም ያመጣሁት። ባሂያኖች ራሳቸው ስንት ዓመት ሲከራከሩበት ኖረዋል። ለውጥም አለ። ባለፉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ያለ ገመድ የሚወጡ ትሪዮዎች በዝተዋል። ባያናሲስተም የሚባለው ባንድ መኪናውን ያለ ገመድ ነው የሚያወጣው፣ ከኋላው የሚፈስሰውን ሕዝብ ማየት ብቻውን ያስደነግጣል። ከተማውና ግዛቱም እየከፈሉ በነጻ የሚያወጧቸው ትሪዮዎች አሉ። የእኔ ምክር፦ አባዳ አትግዢ። ውጭ ሁኚ።

ጥያቄ፦ ታዲያ በነጻ ማየት ይቻላል እያልክ ነው?

መልስ፦ አዎ። ጎዳናው የሁሉም ነው። ገንዘብህን ለመኝታና ለምግብ አስቀምጥ። የመኝታ ዋጋ በዚያ ሳምንት ጣሪያ ይነካል፣ ብዙ ቤቶችም ስድስቱን ቀን በአንድ ላይ ካልያዝክ አያከራዩህም። ወራት አስቀድመህ ያዝ።

ጥያቄ፦ አንድ ነገር ብቻ ማየት ብችል ምን ልይ?

መልስ፦ ቅዳሜ ማታ ሊቤርዳጂ ሰፈር ሂድ። ኩሩዙ የሚባለው ዳገት ላይ ኢሌ አዬ ሲወጣ እይ።

ኢሌ አዬ በ1974 የተመሠረተ የመጀመሪያው አፍሮ ብሎኮ ነው። በዚያ ዘመን በትልልቆቹ ብሎኮዎች ውስጥ ጥቁር ቦታ አልነበረውም። የኩሩዙ ወጣቶች "እንግዲያው የራሳችንን እንሠራለን፣ ሰልፈኛውም ጥቁር ብቻ ይሆናል" አሉ። ብራዚል ያኔ በወታደሮች አገዛዝ ሥር ነበረች፤ የዘር አድልዎ የለብንም የሚለው የመንግሥት ቋንቋ ነበር። በ1975 መጀመሪያ ጎዳና ሲወጡ አንድ ትልቅ የከተማው ጋዜጣ ዘረኛ ብሎ ጻፈባቸው። እነሱ ግን አልቆሙም። መሪያቸው ቮቮ እስከ ዛሬ ስሙ ከኢሌ ጋር አብሮ ይነሳል። እናቱ ማይ ዪልዳ ካንዶምብሌ የሚባለው ከአፍሪካ የመጣ ሃይማኖት እናት፣ የአምልኮ መሪ ማለት ነው፣ ነበሩ። በ2009 እስካረፉ ድረስ ቡድኑን መርቀው የሚያስወጡት እሳቸው ነበሩ።

የቅዳሜው ሥርዓት የሚደረገው በማይ ዪልዳ ቤት ደጃፍ ነው። ጸሎት ይደረጋል። ፈንዲሻና ነጭ በቆሎ ሕዝቡ ላይ ይበተናል። ነጭ ርግቦች ይለቀቃሉ። ከዚያ ከበሮው ይጀምራል። ጊታር የለም፣ የሚጮህ ስፒከር የለም፣ ከበሮና የሰው ድምፅ ብቻ። ሴቶቹ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭና ጥቁር በሆነው የኢሌ ጨርቅ ራሳቸውን ጠምጥመው፣ ቀጥ ብለው፣ ሳይቸኩሉ ዳገቱን ይወጣሉ። በየዓመቱ ከካርኒቫል በፊት በልዩ ምሽት የምትመረጥ አንዲት ንግሥት አለቻቸው፤ ጭፈራዋን ያየ ሰው ዓይኑን ሌላ ቦታ አያደርግም።

እኔ እዚያ ዳገት ላይ አለቀስኩ። ሌላም የሚያለቅስ ነበር። ማንም "ምን ሆንክ" ብሎ አልጠየቀኝም።

ዳገቱ ጠባብ ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው። በጊዜ ሂድ፤ ትዕግሥትም ይኑርህ፣ የሚባለው ሰዓትና የሚወጡበት ሰዓት አይገናኝም።

ጥያቄ፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የለበሱ ከበሮ መቺዎች አይቻለሁ። ከእኛ ጋር ግንኙነት አለው ወይስ እንዲሁ ነው?

መልስ፦ ያየኸው ኦሎዱምን ነው። በ1979 ፔሎሪኞ ውስጥ ተመሠረተ። በቀለማቸው ላይ ጥቁርና ነጭም አለበት፣ ግን ዓይንህ ቶሎ የሚያየው የእኛን ሦስቱን ነው። ቀለሙ ወደ ባሂያ የገባው በጃማይካ ራስ ተፈሪያንና በፓን አፍሪካ እንቅስቃሴ በኩል ነው። ሬጌ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሳልቫዶርን በኃይል ነው የያዛት። የከበሮ መሪው ኔጊንዮ ዶ ሳምባ ሳምባንና ሬጌን አዋሕዶ ሳምባ ሬጌ የሚባለውን ምት ፈጠረ። ሙዜንዛ የሚባል ሌላ ቡድን ደግሞ በ1981 ጭራሽ በቦብ ማርሊ ፍቅር ተመሠረተ።

ግን ከዚህም የቆየ ነገር አለ፣ እኔን በጣም የነካኝ እሱ ነው። በ1890ዎቹ፣ ባርነት በ1888 ከተሻረ ገና ጥቂት ዓመት ሲሆነው፣ የሳልቫዶር ጥቁሮች የራሳቸውን የካርኒቫል ክበቦች አቋቁመው ነበር። አንዱ የአፍሪካ ኤምባሲ የሚል ስም ነበረው። በዘመኑ ስለ ባሂያ ጥቁሮች የጻፈው ሐኪሙ ኒና ሮድሪጌስ ስለዚህ ክበብ ሲናገር ገጸ ባሕርያቱን ከግብፆችና ከአቢሲኒያውያን ይወስድ እንደነበር መዝግቧል። አድዋ 1896 ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ ውቅያኖስ ማዶ፣ ትናንት ባሪያ ይባሉ የነበሩ ሰዎች እኛን ለብሰው በኩራት ጎዳና ወጡ ማለት ነው። ታዲያ ዝም አልተባሉም፤ በ1905 ፖሊስ አፍሪካዊ ልማድና ከበሮ የሚያሳዩ ክበቦችን ከካርኒቫል ከለከለ። የኢሌ አዬን መነሳት በዚህ ዓይን እየው። አዲስ ነገር አልጀመሩም፣ የተነጠቁትን ነው ያስመለሱት።

ጃንሆይም ብራዚልን ያውቋታል። በታኅሣሥ 1953 በእኛ አቆጣጠር፣ የነመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት የተሞከረው እሳቸው ብራዚል ጉብኝት ላይ እያሉ ነው።

ጥያቄ፦ ማይክል ጃክሰን የዘፈን ቪዲዮ የቀረጸበት ቦታ እውነት እዚያ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በ1996 ፔሎሪኞ ውስጥ ከኦሎዱም ጋር ነው የቀረጸው፣ ዳይሬክተሩ ስፓይክ ሊ ነበር። ቪዲዮው ላይ የሚታየውን ሰገነት ለማየት አሁንም ቱሪስት ይሰለፋል። ሰልፉን ትተህ ማክሰኞ ማታ ኦሎዱም ልምምድ ሲያደርግ ብትሄድ ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሴት ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ለዚሁ ካርኒቫል ልትሄድ ነው። ብራዚል ሲባል ዘረፋ ነው የምሰማው። ልልቀቃት ወይስ ላስቀራት?

መልስ፦ እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ይልቀቋት፣ ግን ይህን ያስነብቡልኝ።

ካርኒቫል መሀል በብዛት የሚያጋጥመው ኪስ ማውለቅና ስልክ መንጠቅ ነው። ጌጥ ሆቴል ይቅር። ወርቅ በፍጹም አይደረግም፣ የአንገት መስቀሏም ወርቅ ከሆነ ታስቀምጠው። ፓስፖርቱ መኝታ ቤት ይቆለፍበት፣ ፎቶ ኮፒውን ትያዝ። ለቀኑ የሚበቃ ትንሽ ገንዘብና አንድ ካርድ ከልብስ ሥር በሚታሰር ቀጭን ቦርሳ ትያዝ፤ ሁሉም ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው፣ በየመንገዱም ይሸጣል። ስልክ በሕዝቡ መሀል አይወጣም። ፎቶ ካማራት ወደ ሱቅ በር ጠጋ ብላ ታንሳ።

ፖሊስ ብዙ ነው። ወደ ካርኒቫሉ መንገድ ሲገባ ፍተሻ አለ፣ ፊት የሚለይ ካሜራም ተተክሏል። ፖሊሶቹ በአንድ መስመር ተከታትለው በሕዝቡ መሀል ሰንጥቀው ያልፋሉ። ያኔ መንገድ መልቀቅ ብቻ ነው፤ መከራከር፣ መሀላቸው መግባት የለም።

በወንዶች በኩል የሚያስፈራ ነገር አለ፣ አልደብቅዎትም። ሳይጠየቅ እጅ መያዝ፣ በግድ ለመሳም መሞከር ድሮ እንደ ጨዋታ ይታይ ነበር። ከ2018 ጀምሮ በሕግ ወንጀል ነው፣ እምቢ ማለት እምቢ ነው የሚል ዘመቻም በየዓመቱ ይደረጋል። ብቻዋን አትሁን። ከጓደኞቿ ብትለያይ የት እንደሚገናኙ አስቀድመው ይነጋገሩ፣ ምክንያቱም ሰው ሲበዛ ስልክ አይሠራም። ሌሊት ስትመለስ ጭር ባሉ የጎን መንገዶች በእግር አትሂድ፤ ከሕዝቡ ጋር እስከ ታክሲው ወይም እስከ አውቶቡሱ ትሂድ። እሷም ቀን ቀን ትደውልልዎት፣ ሌሊቱን እርስዎም ይተኙ።

ጥያቄ፦ ጾም ጋር አይጋጭም? እኔ የምጾም ሰው ነኝ።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ካርኒቫል የካቶሊኮች ጾም ከመግባቱ በፊት ያለው ሳምንት ነው፣ ማክሰኞ ያልቃል፣ ረቡዕ ጾማቸው ይገባል። የእኛ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ፋሲካችን ከእነሱ ጋር በአንድ ቀን በዋለ ዓመት እኛ ቀድመን እንገባለን፣ ካርኒቫሉ ጾም ላይ ይወድቃል። በ2025 እንዲያ ነበር። በ2026ም ካርኒቫሉ ሳያልቅ ሰኞ ጾም ገብቷል። 2027 ግን የተለየ ነው። ካርኒቫሉ የካቲት 2 ቀን 2019 በእኛ አቆጣጠር ያልቃል፣ የእኛ ፋሲካ ደግሞ ግንቦት መጀመሪያ በፈረንጅ ስለሚሆን ነነዌ እንኳን ገና አልገባም። ስለዚህ መሄድ የሚያስብ ጿሚ ያቺን ዓመት ይያዛት።

ጥያቄ፦ ምግቡስ? የጎዳና ምግብ ይበላል?

መልስ፦ ይበላል! ነጭ የለበሱ፣ ሰፊ ቀሚስና ጥምጣም ያደረጉ ሴቶች በየጥጉ ዘይት ጥደው ታያለህ። አካራጄ ነው የሚጠብሱት። ባቄላ መሰል ጥራጥሬ ተፈትጎ፣ ተፈጭቶ፣ በሽንኩርት ተመትቶ፣ ዴንዴ በሚባል ቀይ የዘንባባ ዘይት ይጠበሳል። ከዚያ መሀሉን ሰንጥቀው ቫታፓ የሚባል ወፍራም ማባያ፣ ካሩሩ የሚባል የባሚያ ወጥ፣ የደረቀ ሽሪምፕ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይከቱበታል። "ትኩስ ይሁን?" ብለው ከጠየቁህ በርበሬ ይጨመር ወይ ማለታቸው ነው። አዎ በል፣ ለእኛ አፍ ልክ ነው። ሥራው ከምዕራብ አፍሪካ የመጣ ነው፤ ባሪያ የነበሩ ሴቶች ይህን እየሸጡ ነጻነታቸውን የገዙበት ጊዜ ነበር። ከ2005 ጀምሮ ሙያው የብራዚል ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሽሪምፕ የማትበላ ከሆነ ተጠንቀቅ፣ ቫታፓውና ካሩሩውም ውስጥ አለበት። ጥብሱን ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ብቻ ስጪኝ በላት። ብዙ ጊዜ እንዲያ በልቻለሁ፣ ይጣፍጣል። ሞኬካ የሚባለው በኮኮናት ወተትና በዴንዴ የሚሠራ የዓሣ ወጥም አያምልጥህ። ዴንዴ ለሆድ ከባድ ነውና መጀመሪያ ቀን አታብዛ።

ጥያቄ፦ ቡናቸውስ?

መልስ፦ ስኳሩ ይበዛል፣ ጣዕሙ ከእኛ አይደርስም። ግን አሻሻጡን ውደደው። መንኮራኩር ባላት፣ ባሸበረቀች ትንሽ የእንጨት ጋሪ ላይ ፔርሙዝ ደርድረው እየዞሩ ይሸጣሉ፤ አንዳንዶቹ ሙዚቃ አስገብተውባት ትንሽ ትሪዮ አስመስለዋታል።

ጥያቄ፦ ካርኒቫሉ የጣዖት አምልኮ አለበት ይባላል። አንድ ክርስቲያን መሄዱ ተገቢ ነው?

መልስ፦ የመሄድ ያለመሄዱን ነገር ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር፣ እኔ ያየሁትን ልንገርህ። ካንዶምብሌ ከዮሩባ፣ ከፎንና ከባንቱ ሕዝቦች በባርነት የተጋዙ ሰዎች ይዘውት የመጡት ሃይማኖት ነው። ኦሪሻ የሚሏቸው መናፍስት አሏቸው፣ ከበሮና ጭፈራ የጸሎታቸው ክፍል ነው። በግድ ካቶሊክ ሲደረጉ ሁለቱን አብረው ይዘው ኖሩ። እስከ 1976 ድረስ ባሂያ ውስጥ አምልኮ ቤቶቻቸው ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ ነበረባቸው። እስቲ አስበው፣ ለመጸለይ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ!

ከአፍሮ ብሎኮዎቹ ብዙዎቹ ከዚህ ሃይማኖት ጋር የተያያዙ ናቸው፣ እውነት ነው። ሁሉም ግን አይደለም። ማሌ ደባሌ የሚባለው ለምሳሌ ስሙን የወሰደው በ1835 ረመዳን ላይ በሳልቫዶር ካመፁት ሙስሊም ባሮች ነው። እኔ ባላመልክበትም ቆሜ በአክብሮት አይቻለሁ። ፎቶ አታንሱ ሲሉ አላነሳሁም። የተሰደደ ሕዝብ እምነቱን እንዴት ጠብቆ እዚህ እንዳደረሰ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ነጭ ጥምጣም ያደረጉት ወንዶች እነማን ናቸው?

መልስ፦ የጋንዲ ልጆች ይባላሉ፣ ፊልዮስ ጂ ጋንዲ። በ1949 የወደብ ጫኝና አውራጅ ሠራተኞች ናቸው የመሠረቱት፣ ጋንዲ በተገደለ በዓመቱ። ወንዶች ብቻ ናቸው። ነጭ ልብስ፣ ነጭ የፎጣ ጥምጣም፣ ሰማያዊና ነጭ ዶቃ፣ በላዩም የላቬንደር ሽቶ። ከሩቅ በሽታቸው ታውቃቸዋለህ። ዘፈናቸው ኢጄሻ በሚባል ረጋ ያለ ምት ነው። ትሪዮዎቹ ጆሮህን ሲያደነቁሩህ ውለው ማታ ላይ ይህ ነጭ ባሕር ቀስ እያለ ሲመጣ ሰውነትህ ያርፋል። ዶቃውን ለሴቶች ይሰጣሉ፣ በምላሹ ደግሞ መሳም ይጠይቃሉ። እህቶች፣ ዶቃውን ብቻ አመስግናችሁ መቀበል ወይም አልፈልግም ማለት ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ እኛን እንዴት ነው የሚያዩን? ዘረኝነት አለ?

መልስ፦ መጀመሪያ ባሂያኖ ነህ ብለው ያስባሉ፣ በፖርቱጋልኛ ያዋሩሃል። ከኢትዮጵያ ነኝ ስትል ፊታቸው ይበራል። በተለይ በአፍሮ ብሎኮዎቹ አካባቢ የሚጠይቁህ ብዙ ነው፤ ስለ ጃንሆይ፣ ስለ አድዋ፣ ስለ ላሊበላ። አንብበህ ሂድ፣ አገርህን የሚያውቁ ሰዎች ይጠብቁሃል።

ዘረኝነቱ ግን አለ። አንድ ሰው ጋብዞኝ አንዱ ካማሮቺ በር ላይ ቲኬቴን ሁለት ጊዜ አሳይ ተባልኩ፤ ከፊቴም ከኋላዬም የነበሩት ፈካ ያሉ ሰዎች ዝም ብለው ያልፉ ነበር። ፔሎሪኞ የሚለው ስም ራሱ ባሮች ታስረው የሚገረፉበት ምሰሶ ነው። ሳልቫዶር በ1549 ተመሥርታ እስከ 1763 የብራዚል ዋና ከተማ ነበረች፣ ሀብቷም የተገነባው በዚያ ንግድ ነው። ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጋ አፍሪካዊ ነው ወደ ብራዚል የተጋዘው። ያ ሁሉ በአንድ አዋጅ አይጠፋም።

በዓሉን የሚያቆሙትን ሰዎችም እዩ። ስድስቱን ቀን የበረዶ ሳጥናቸው አጠገብ ካርቶን አንጥፈው የሚያድሩ ሻጮች አሉ፣ ብዙዎቹ ከነልጆቻቸው። የቢራ ጣሳ እየለቀሙ በኪሎ የሚሸጡ ሽማግሌዎች አሉ። ውኃ ስትገዙ ከእነሱ ግዙ፣ ጣሳውንም መሬት ከመጣል በእጃቸው ስጧቸው። ሰኞ ዕለት ደግሞ ሙዳንሳ ዶ ጋርሲያ የሚባል ሰልፍ አለ፣ የጋርሲያ ሰፈር ሰዎች የተቃውሞ መፈክር ጽፈው የሚወጡበት። ፖለቲከኛውን በስም ጠርተው ነው የሚወርዱበት።

ጥያቄ፦ ሕፃናት ይዤ ብሄድስ?

መልስ፦ ፔሎሪኞ ውሰዳቸው። ትሪዮ አይገባም፣ መንገዱ ጠባብ ነው። ትናንሽ የነሐስ ባንዶች በእግር ይዞራሉ፣ ልጆችም አያቶችም የበዓል ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። በቀን ሂዱ፣ ፀሐይዋ ከባድ ናትና ኮፍያና ውኃ ያዙ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ እንዴት ይኬዳል?

መልስ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ ድረስ ይበራል። ከዚያ ወደ ሳልቫዶር የአገር ውስጥ በረራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል፣ አዲስ አበባ ያለው የብራዚል ኤምባሲ ነው የሚሰጠው፤ የካርኒቫል ሰሞን እንዳትጣበብ ቀደም ብለህ ጀምር። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን አትርሳ፣ ወደ አገር ስትመለስም ልትጠየቅ ትችላለህ። እንግሊዝኛ የሚችል ጥቂት ነው። ቁጥርና ሰላምታ በፖርቱጋልኛ ተማር፣ ሌላው በእጅ ይግባባሉ።

ጥያቄ፦ በየካቲት ፈቃድ አላገኝም። በሌላ ጊዜ መሄድ ዋጋ አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ። ጥር ላይ የቦንፊም እጥበት አለ፤ ከጥምቀታቸው በኋላ ከሚመጣው ሁለተኛው እሑድ በፊት ባለው ሐሙስ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ስምንት ኪሎ ሜትር በእግሩ ተጉዞ ቦንፊም ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል፣ ሴቶቹም ደረጃውን ሽቶ ባለው ውኃ ያጥቡታል። በፈረንጅ የካቲት 2 ሪዮ ቬርሜሊዮ ሰፈር ላይ ሕዝቡ ለባሕሯ እናት ለኢየማንዣ አበባ በጀልባ ጭኖ ይወስዳል። ሰኔ ላይ ከሆነ ፈቃድህ ደግሞ ሳኦ ዡዋዎ አለ፣ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል። ያኔ ሳልቫዶር ጭር ትላለች፣ ሰዉ ወደየገጠሩ ይሄዳል፣ እሳት ይነዳል፣ በቆሎ ይጠበሳል፣ በአኮርዲዮን ፎሆ ይጨፈራል። ወደ ገጠር ከተሞቹ የሚሄደው አውቶቡስ ቶሎ ስለሚሞላ ቲኬቱን ሳምንታት ቀድመህ ቁረጥ።